የወንድሜ አስታማሚ

ወንድሜን አልወደውም ነበር። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ሰው የሚቀጥለውን ሁሉ የደግነት ታሪክ አድርጎ ይወስደዋል። ሦስት ጊዜ ተከትዬው ሐኪም ቤት ሄጃለሁ፤ ደሜን ሰጥቼዋለሁ፤ ገላውን አጥቤያለሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። እሱም እየጠላኝ ነው ያስታመምኩት።

አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። እናታችን ከዚያ በፊት አልፋ ስለነበር የቤቱ ጌታ እሱ ሆነ። እኔ ቆቦ ሰባተኛ ክፍል እማራለሁ። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ስገባ መደቡ ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ተደርድረው አገኘሁ። ወንድሜ ዋጃ ላለ አንድ የከብት ነጋዴ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሰውየው ዕድሜው ከአባታችን ብዙም አያንስም። "እኔ አልፈልግም" ስለው፣ "አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ።

ዋጃ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ሁለት ጥርሴን እዚያ ትቼ ተመለስኩ። ቆቦ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በስፌት መኪና ልብስ መጠገን ጀመርኩ። ወንድሜ "ባሏን ጥላ የመጣች ሴት እህቴ አይደለችም" ብሎ በመንደሩ ሁሉ አስወራ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ያዞራል። ድሮ "ጋሼ" እለው ነበር፤ ትቼዋለሁ። እንዲህ ሆነን አራት ዓመት ቆየን።

ድርቁ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ማሽላው ደግሞ እንደገና የሰው ቁመት ደርሷል። ሚስቱ አንድ ጧት ከመንደር በእግሯ መጥታ የሱቄ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሴት ልጆች ወልዳለታለች። ዝምተኛ ናት።

"ወንድምሽ ታሟል" አለችኝ። "ምን እንደሆነ አይነግረኝም። ሦስት ወር ሆነው፣ ለብቻው ነው የሚተኛው። ሲራመድ እግሩን ከፈት ያደርጋል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ካንቺ ሌላ ሰው የለውም።"

"እኔም የለሁለትም" አልኳት።

ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ ለራሴ አጣርቼ አላውቀውም። ምናልባት ወድቆ ላየው ይሆናል። ስገባ በጎኑ ተኝቶ ግድግዳውን ያያል።

"ማን ጠራሽ?" አለ።

"ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።"

"ከአንቺ ጋር ጀሀነምም አልሄድም።"

ሄደ እንጂ። ሕመሙ ከኩራቱ በልጦ ነበር። ቆቦ ጤና ጣቢያ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር እኔን ውጭ አስቀምጦ አየው፤ ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። "አንደኛው ቆለጡ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ እዚህ የሚነካ ነገር አይደለም" ብሎ ወደ ደሴ ደብዳቤ ጻፈልን። ደሴ ቆርጠው አወጡለት። ለመንደሩ "ቡአ ነው፣ ተቀድዶልኝ ዳንኩ" አለ። ለሚስቱም እንዲሁ። ሰው ሁሉ "አልሃምዱሊላህ" ብሎ ጠየቀው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወገቡን ያመው ጀመር፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይዳሰሳል። በዚህ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። የበሽታውን ስም መጀመሪያ የሰማነው እዚያ ነው፤ ካንሰር። ከቆለጡ ተነስቶ ወደ ሆዱ ገብቷል አሉን። አራት ወር መርፌ ወሰደ። መርፌው ሲገባበት አንጀቱን አውጥቶ የሚተፋ ይመስል ነበር። ጠጉሩ፣ ቅንድቡ፣ የጢሙ ጫፍ ሳይቀር ረገፈ። እኔ አልጋው ሥር ወለል ላይ ሰሌን አንጥፌ እተኛለሁ። ትፋቱን ተቀብዬ ስመለስ፣ "ደስ አለሽ?" ይለኛል። አንዳንድ ቀን "አዎ" እለዋለሁ።

መርፌው ሲያልቅ ሐኪሙ፣ "ጥሩ ሠርቷል፤ እብጠቱ በጣም አንሷል። ግን የቀረ ነገር አለ። አገራችሁ ሄዳችሁ ሰውነቱ ይጠንክር፤ ከዚያ ተመልሳችሁ በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን" አለን። ቀጠሮ ጽፎ ሰጠን።

ያን ጊዜ ከቀበሌ ወይም ከገበሬ ማህበር የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከኬላ ማለፍ የለም። የፊተኞቹን ሁለት ጊዜ የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ አዝኖልን በዝምታ ጽፎልናል። ለሦስተኛው ስንሄድ ግን ሊቀመንበሩ ራሱ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ጠበቀን። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሌላ ጉዳይ ያላቸው ሰባት ስምንት ገበሬዎችም ነበሩ። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የተጧጧፈበት ወቅት ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ሠላሳ አልሞላውም።

"አንተ ሰውዬ" አለው ሊቀመንበሩ፣ "የእናት አገር ጥሪ በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ነህ። ራስህንም ተላጭተሃል፤ ማን እንዳይለይህ ነው?"

ወንድሜ ቆቡን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

"ሕመምህ ምንድነው?"

"ቡአ ነው።"

"ቡአ አንድ ጊዜ ይቀደዳል፤ አለቀ። ሦስት ጊዜ የሚቀደድ ቡአ የት አለ? ና አውልቅ፣ እንይልህ።"

ገበሬዎቹ አጎነበሱ። ከጥበቃዎቹ አንዱ ሳቀ። ወንድሜ ቀበቶውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሊፈታ ይሁን እንዳይፈቱበት አላውቅም። ይህን ሰው ተዋርዶ ለማየት አሥር ዓመት ተመኝቻለሁ። አሁን ሲሆን ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ። በሱ ላይ ያለኝን ንዴት ሌላ ሰው ነጥቆ የሚጠቀምበት መሰለኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ፣ "ቆለጡ ተቆርጦ ወጥቷል። ካንሰር ነው። የደሴ ሐኪምም የአዲስ አበባ ሐኪምም ማህተም ያለው ወረቀት ይኸው። ከወረቀቱ ይልቅ ቆለጥ ማየት የሚሻልህ ከሆነ ግን ይፈታል፤ አንተም ፈትተህ እናስተያያለን።"

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልቻለም። ሁሉም ሳቁ፤ ጥበቃዎቹም። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ "አስገቧት!" አለ። እህል መጋዘን ውስጥ እስከ ከሰዓት ድረስ ተዘግቶብኝ ዋልኩ። ሲከፍቱልኝ ጸሐፊው የይለፍ ወረቀቱን ማህተም አስመትቶ ሰጠኝ። "ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ ብሎሻል" አለኝ።

ወንድሜ ውጭ ግራሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ምስጋና አልጠበቅሁም፤ ይህን ግን አላሰብኩም።

"ምነው በሽታው በገደለኝ" አለ። "የኔን ገመና አደባባይ አወጣሽው። ዛሬ ማታ ጎብዬ ድረስ ይወራል።"

"ብታወልቅስ ኖሮ?"

"እሱ የኔ ጉዳይ ነው! አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ስታዋርጂኝ ነው የኖርሽው። ባልሽን ጥለሽ አዋረድሽኝ፤ አሁን ደግሞ በዚህ።"

አዲስ አበባ እስክንገባ ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ኬላ ላይ ስንወርድ ወረቀቱን እኔ አሳያለሁ፤ ስንሳፈር መስኮቱን እሱ ይይዛል።

ሐኪሙ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ካየ በኋላ ሁለታችንንም አስቀመጠን።

"እሷ ትውጣ" አለ ወንድሜ።

"ለኦፕራሲዮኑ ቤተሰብም ይፈርማል። እሷም መስማት አለባት" አለ ሐኪሙ። "ስማኝ፣ ወንድሜ። የቀረው እብጠት ከጀርባ አጥንትህ ፊት ለፊት፣ ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ ነው ያለው። በውስጡ በሽታው ሞቶ ይሆናል፤ ሕይወት ያለው ቀርቶም ይሆናል። ሳናወጣው ማወቅ አንችልም። ከዚህ እስከዚህ ነው የምንከፍተው።" ጣቱን ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ ታች አወረደ። "ደም ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ። ወደ ዘር መውጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ነርቮች እዚያው ናቸው። ከተነኩ ከሚስትህ ጋር መተኛት አያቅትህም፤ ልጅ መውለድ ግን ይቀራል። መርፌውም ቢሆን ቀድሞ ጎድቶህ ሊሆን ይችላል።"

ወንድሜ ተነሳና "አልፈርምም" ብሎ ወጣ።

ተከተልኩት። ግቢው ውስጥ፣ በሽተኞች ልብስ የሚያሰጡበት አጥር አጠገብ ደረስኩበት።

"ሁለት ሴቶች ብቻ ነው ያሉኝ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ወንድ ልጅ የለኝም። ስሜን ማን ሊያስጠራው ነው? እንዲህ ሆኜ ከምኖር ልሙት።"

ያን ጊዜ ማባበል ይገባ ነበር። ሌላ እህት ብትሆን እጁን ይዛ ታለቅስ ነበር። እኔ ያለኝን አወጣሁ።

"ሙት እንግዲህ" አልኩት። "እኔ የስፌት መኪናዬ ዘንድ እመለሳለሁ። ያ ሊቀመንበር መሬትህን ለፈለገው ይሰጠዋል። ልጆችህንም ሲያድጉ አንዱ የአባታቸው እኩያ መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ማን ይጠይቃቸዋል? እኔን ለዋጃው ሰው አሳልፈህ ስትሰጥ ጣትህ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ ለራስህ መፈረም አቃተህ? ፈሪ ነህ።"

ዘወር ብሎ በጥፊ ሊለኝ እጁን አነሳ። አቅም አልነበረውም፤ አጥሩን ይዞ ቆመ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"እንዲህ ብለሽ ልትቀብሪኝ ነው?" አለ። "አትቀብሪኝም። ወላሂ አልሞትልሽም።"

ተመልሶ ገባና ፈረመ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮት ወጣ። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ ምን እንዳልኩት አልጠየቀም። እኔም ከሱ ስም ሥር ፈረምኩ።

ደም ሰጪ ዘመድ አምጡ አሉን። ዘመድ ማለት እኔ ነኝ። ደሜ ከሱ ጋር ሲገጥም የቤተ ሙከራው ሰው "እድለኛ ነው" አለኝ። ለወንድሜ ሲስተሯ ነገረችው። "ደሜን ስትመጥጪ የኖርሽ፣ መለስሽልኝ በይኛ" አለኝ። ሲስተሯ ደንግጣ አየችው። እኔ ሥራዬ ነው ብዬ ትራሱን አስተካከልኩ።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጧት ነጭ ጨርቅ አልብሰው ጋሪ ላይ አስተኙት። ኮሪደሩ ውስጥ እየተከተልኩ ሄድኩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ገፊው ቆም አለና "ተሰነባበቱ" አለን። ወንድሜ ከንፈሩ ደርቋል፤ ቢስሚላህ ቢስሚላህ ይላል። አንድ ደግ ቃል ይወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ።

"ብሞት" አለ፣ "ልጆቼን አታሳድጊ። እንዳንቺ ይሆናሉ።"

"እንደኔ ቢሆኑ ይሻላቸዋል" አልኩት። በሩ ተዘጋ።

ከጧት እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እንደምጠላው አውቃለሁ፤ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ልጸልይለት ስሞክር ከንፈሬ ላይ የሚመጣው "አላህ፣ እንዲህ ብሎኝ አይሙት" የሚል ብቻ ነበር። ይህ ዱዓ ይሁን እርግማን እንጃ።

ሐኪሙ ሲወጣ ላቡ በጭምብሉ ላይ አልፎ ወርዶ ነበር። "ወጥቷል" አለኝ። "ከደም ሥሩ ጋር ተጣብቆ አስቸግሮን ነበር፤ ግን ንጹሕ አድርገን አውጥተነዋል። ምርመራ ይሄዳል።"

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። በአፍንጫው ቱቦ፣ በክንዱ ግሉኮስ፣ በታች የሽንት ላስቲክ። ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቷል። ልብስ ሰፊ ነኝና ስፌቱን አየሁት፤ ጥሩ እጅ ነው የሰፋው። ሐኪሙ በየጧቱ እየመጣ "ጋዝ ወጣ?" ይላል። አንጀቱ ሥራ እስኪጀምር ውሃ እንኳ ክልክል ነው። ወንድሜ ወንድ አስታማሚዎች በሞሉበት ክፍል፣ በእህቱ ፊት፣ ስለ ፈሱ ይጠየቃል። የሚመልሰውን ቁጣ ሁሉ የምቀበለው እኔ ነኝ። ገላውን ስጠርግ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ያፋጫል። አንድ ቀን፣ ከወገቡ በታች ሳጥበው፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። "አትይኝ" አለ። "አላይህም" አልኩት፤ እያየሁ ግን ነበር፤ ሳላይ እንዴት አጥባለሁ?

በስድስተኛው ቀን አንጀቱ ተከፈተ፤ አጥሚት ተፈቀደለት። አንድ ማንኪያ ቀምሶ "ይሄ የውሻ ምግብ ነው" ብሎ ጣሳውን በእጁ መታው። ትኩሱ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ጨርቁን ጣልኩለትና ወጣሁ። ያን ቀን ሙሉ አዲስ አበባን በእግሬ ዞርኩ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ የወሎ መስመር መኪኖች ሲጫኑ ቆሜ አየሁ። መሳፈር እችል ነበር። ያላደረግሁት በርኅራኄ አይደለም። ቆቦ ብቻዬን ስወርድ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። በዚያ ላይ፣ ትቶ የሚሄድ እሱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ማሳየት ፈለግሁ። ስመለስ ሊመሽ ነው። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሰው ሚስት ወለሉን ጠርጋልኛለች። ወንድሜ ክንዴን አየ፤ ቀልቷል። ጣሳውን ሞልቼ ሰጠሁት፤ ጠጣው።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሐኪሙ ፊቱ ፈክቶ ነው የገባው። "ያወጣነው ሁሉ የሞተ ሥጋ ነው። ሕይወት ያለው ካንሰር አልተገኘበትም። መርፌው ገድሎታል ማለት ነው።"

"የሞተ?" አለ ወንድሜ። "ታዲያ ምን ለማግኘት ቀደዳችሁኝ?"

"ሳናወጣው አናውቅም ብዬህ ነበር።"

"ነርቩስ?"

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈ። "ልናተርፈው አልቻልንም። ልጅ አትጠብቅ።"

ወንድሜ አንሶላውን እስከ ራሱ ስቦ ተሸፈነ። ከሥሩ ሆኖ "ፈሪ አልሽኝ፣ አይደል?" አለኝ። "ይኸው። ያላንቺ አልፈርምም ነበር።" እውነቱን ነው። የሞተ ነገር ሊያወጡለት ሲሉ ያን ያህል ተቀደደ፤ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ያልሞተ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሕይወቱን ያዳንኩት እኔ በሆንኩ ነበር። ይህን ሂሳብ ማን ይፈታዋል?

ስንመለስ፣ ወልድያን አልፈን ቁልቁል ወደ ቆላው ስንወርድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሆሳስ አናገረኝ።

"ሰው ምንም ቢላት፣ ለሚስቴ ቡአ ነው በያት። ማይልኝ።"

"አልምልም። ካልጠየቀችኝ ግን አልናገርም።"

ጠየቀችኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ ደህና ሆኖ፣ ጠጉሩ በቅሎ፣ ማሽላውን በራሱ ጉልበት አጭዶ በከመረበት ወቅት። ዓይኗ አብጦ መጣች።

"መካን ሆነሻል አለኝ" አለች። "ወንድ ልጅ የምትወልድልኝ ሁለተኛ ሚስት ላገባ ነው አለ። ዋጃ ሽማግሌ ልኳል። ልጅቷ ገና አሥራ ስድስት አልሞላትም። እህቴ፣ የኔ ጥፋት ምንድነው? ከታመመ ወዲህ ነው ያልወለድኩት። መንደሩ የሚያወራውን ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ምሎልኝ ነበር። አዲስ አበባ ምን አደረጉት?"

የሱ ገመና ነበር። አደራም ነበር። የዋጃን ስም ስሰማ ግን ጥርሴ የነበረበት ቦታ አመመኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆለጡን፣ ካንሰሩን፣ ነርቩን፣ ሐኪሙ "ልጅ አትጠብቅ" ያለውን። ስትሰማ አላለቀሰችም። "አራት ወር መርፌ ሲወጋ እኔ ቡአ ነው ብዬ ስስቅበት ነበር" አለች ብቻ። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

በማግስቱ መጣ። ደፉን አልተሻገረም።

"ነገርሻት?"

"ነገርኳት።"

"ለምን?"

"ልጅቷን ማን ጠየቃት?"

ምራቁን ደፌ ላይ ጢቅ አደረገና ሄደ። ሽማግሌዎቹን ግን ከዋጃ መለሳቸው። ሚስቱ ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ አብረው ኖሩ። እኔን ሌላ ሦስት ዓመት አላናገረኝም። የጦርነቱ ወሬ ወደ እኛ ሲቀርብ፣ ሰው በየአቅጣጫው ሲሸሽ፣ ቆቦ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እጅ ስትገባ እንኳ፣ "እህቴ አለች ወይ" ብሎ አልላከም። እኔም አልላክሁም።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን፣ የሰው ቀሚስ እየጠገንኩ፣ የማውቀው ጥላ በሩን ሞላው። ወንድሜ ነው። ኋላው አንድ የጎብዬ ገበሬ ቆሟል፤ ጢማም፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲቆም እግሩን ከፈት አድርጎ ነው።

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ይህ ሰው እንደኔ ነው" አለ ወንድሜ። "ቡአ ነው እያለ ስድስት ወር ደብቆታል። እኔ ልነግረው ጀምሬ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ንገሪው፤ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያደርጉት። ምንም አትደብቂው።"

ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወንድሜ አልገባም፤ ጀርባውን ሰጥቶን ደፉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከድሬሰሩ ጀምሬ መናገር ያዝኩ። መርፌው ላይ ስደርስ ሰውየው አላበው። ስለ ኦፕራሲዮኑ ስነግረው፣ "እምብርትህ ላይ ነው የሚከፍቱህ" ስል ግን ወንድሜ ከውጭ ሆኖ፣ ዘወር ሳይል፣ ጮክ ብሎ አቋረጠኝ።

"ከእምብርቱ በላይ ነው የሚጀምሩት፤ ከደረቱ ሥር። በደንብ ንገሪው እንጂ!"